የራሂማ ካሜራ ዕድሜ

ራሂማን «ካሜራ ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ እንደመጠየቅ የሚያበሳጫት ነገር የለም። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ መንገድ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ፎቶ ቤቷ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የገባ ሰው ሁሉ፣ ጎማው ተላጦ በማስቲሽ የተጣበቀውን ካሜራዋን ያይና ይጠይቃታል። አንዳንዱማ «ይሄ ነገር ገና ይሠራል?» ብሎ ይስቃል።

«ጫማህ የሚያልቀው በዓመት ነው ወይስ በሄድክበት መንገድ?» ትለዋለች። «ቀና በል። አገጭህን ዝቅ አድርግ። አትሳቅ።»

አንዴ ትጫናለች። ሁለተኛ አትጫንም። «እስቲ ድገሚኝ» ቢሏት «ደህና ነው» ብላ ካሜራውን ታወርዳለች። ደግሞም ደህና ነው፤ ዐይኑን የጨፈነ ሰው ከእሷ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሰውዬው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ትከሻው ወረድ እስኪል ድረስ ጣቷን ሳታንቀሳቅስ ትጠብቃለች።

ይህን ያስተማራት ባሏ ጣሀ ነው። ከቢስቲማ ገጠር አግብቶ ደሴ ሲያመጣት የካሜራ ፊትና ጀርባ አታውቅም ነበር። ያኔ ጣሀ ሠርግ ሲያነሳ፣ በየሄደበት የሙሽራ እናቶች በር ላይ ይይዙትና «የሴቶቹን በኩል ማን ያንሳልን?» ይሉታል። በሴቶቹ ክፍል ውስጥ ሻሽና ሂጃብ ይወርዳል፣ ጸጉር ይሠራል፣ ሒና ይቀባል፣ ይጨፈራል፤ ወንድ አይገባም። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ ጣሀ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ በራሂማ አንገት ላይ አንጠለጠለና «ግቢ» አላት። የዚያን ቀን የግማሹን ሰው ጭንቅላት ቆርጣ አነሳች። ጣሀ አልሳቀባትም። በሁለተኛው ሠርግ ሩብ፣ በሦስተኛው አንድም ጭንቅላት አልተቆረጠም። ከዚያ ወዲህ ከደጋን እስከ ቢስቲማ የሴቶቹን በኩል የሚያነሳ ሲጠፋ «ራሂማን ጥሯት» ይባላል።

የሚያምኗት በፎቶዋ ብቻ አይደለም። ሥራዋን ስትጨርስ ካርዱን ከካሜራው አውጥታ በሙሽራዋ እናት መዳፍ ላይ ታስቀምጣለች። ይዛው ወደ ቤቷ አትሄድም። እናትየው በሌላ ቀን ካርዱን ይዛ ደሴ ትመጣለች፣ ከራሂማ አጠገብ ተቀምጣ የሚታተመውን ትመርጣለች፣ ካርዷን ይዛ ትመለሳለች። በአሥራ አራት ዓመት አንዲት ሴት እንኳን «ጸጉሬ የማይሆን ሰው እጅ ገባ» ብላ አልከሰሰቻትም።

የተላጠውን ካሜራ ጣሀ የገዛው ከስምንት ዓመት በፊት ነበር። ያመጣው ዕለት ሌንሱን ፈትቶ ውስጡን አሳያት። «የሚያረጀው ውጪው አይደለም» አላት። «ይቺውልሽ፣ ሸተር የሚሏት። እንደ ዐይን ቆብ ናት። በተጫንሽ ቁጥር ትከፈትና ትዘጋለች። መቶ ሃምሳ ሺህ ጊዜ እንድትሠራ ብለው ነው የሠሯት። ከዚያ በኋላ ብትሄድም ትሄዳለች፣ ነገ ብትቆምም ሙግት የለም።» በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሲዘረፍ ካሜራውን በሦስት ላስቲክ ጠቅልለው በበርበሬ ማዳበሪያ ውስጥ ቀበሩት፤ ተረፈ። ጣሀ ግን ብዙ አልቆየም። ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። ሦስት ዓመት ሆነው። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ካሜራው ቀረ።

ባለፈው ዓመት ደሴ ፒያሳ ያለው ጠጋኝ፣ አቤ፣ ካሜራውን ከኮምፒውተር አገናኝቶ ቁጥሩን አንብቦላት ነበር፤ መቶ አርባ ሁለት ሺህ። ራሂማ ያንን ቁጥር ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ በሐሳቧ ታካፍል ነበር። በእሷ አያያዝ በዓመት አራት ሺህ ጊዜ ብትጫን ነው። ሁለት ዓመት አለኝ አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ይገኛል ኢንሻአላህ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። በረመዳን ሠርግ የለም። የጣሀ ታናሽ ወንድም ከሊድ ኮምቦልቻ ላይ የቪዲዮና የፎቶ ቤት አለው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀልጣፋ፣ አፉ የሚጣፍጥ ልጅ። መጣና «እታለም፣ አንቺ እስከ ዒድ ሥራ የለሽም፤ ካሜራውን አውሽኝ፣ አንድ ትንሽ ሥራ አለችብኝ» አላት። የባሏ ወንድም ነው፤ ሰጠችው። ስትሰጠው ግን የመጨረሻውን የፎቶ ቁጥር አይታ ያዘች፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ይላል። ከሃያ ሦስት ቀን በኋላ ሲመልስላት ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ይል ነበር። አምስት መቶ ሃያ ምናምን ብቻ። ካሜራው ተወልውሎ፣ ቀበቶው ታጥቦ ነው የመጣው። «አላህ ይባርክህ፣ የወንድምህ ወንድም ነህ» ብላ መረቀችው። በዚያው ሰሞን ከሊድ የሠራት ፊልም በየስልኩ ዞረች፤ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ትልቅ መጋዘን ከመሬት ተነሥቶ ቆርቆሮ እስኪለብስ በሦስት ደቂቃ የምታሳይ። ብረቱ ብድግ ብድግ ይላል፣ ደመናው ይሮጣል፣ ሠራተኛው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ራሂማም አይታ «ማሻአላህ!» አለች። ለጎረቤትም አሳየች።

ከዒድ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ኮምቦልቻ የዘይቱና ልጅ ሀናን ተዳረች። ዘይቱና ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። በራሷ ሠርግ አንድ ፎቶ የላትም፤ ይህን ለራሂማ ሦስት ጊዜ ነግራታለች። አንድ ልጇ ናት ሀናን። የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ዘንቢል ተቀምጦ የገባችው ሁሉ ስልኳን እዚያ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ አምና የአንዲት ሙሽራ ምስል ከአጎቷ ልጅ ስልክ ወጥቶ በቴሌግራም ስለዞረ ትዳሩ ሊፈርስ ነበርና ከዚያ ወዲህ ዘንቢል የሌለው ሠርግ የለም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ያለው ካሜራ የራሂማ ብቻ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ፎቶ አነሳች። ሀናን ሒናዋን ለማሳየት ሁለት እጆቿን ስትዘረጋ ራሂማ ትንፋሿን ያዘችና ተጫነች። ድምፁ ጎደለ። የለመደችው ድምፅ ሁለት ምት ነው፤ አሁን የመጣው አንዱ ብቻ ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መጣ። እንደገና ተጫነች። «ኤረር» ብሎ ቀረ። አጠፋችው፣ አበራችው፣ ባትሪውን አውጥታ መለሰችው። ሴቶቹ ጭፈራቸውን እየተዉ አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ።

«ካሜራው ሙሽራዋን አፍሮ ነው!» አለች ከጥግ አንዲት አሮጊት፤ ጥቂቶች ሳቁ። ሀናን እጆቿን እንደዘረጋች ቀርታለች።

«እጅሽን አውርጂ እናቴ» አለቻት ራሂማ።

አንዷ «ስልክ እናውጣ» ስትል ዘይቱና «ማንም ስልክ አያወጣም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ራሂማን ወደ ጓዳ ጎተተቻት። «ሐሙስ መልስ ነው። ሀናንን እንደገና አለብሳታለሁ፣ ሒናውም አይለቅም። ካሜራ ይዘሽ ነይ። ካልያዝሽ ግን ራሂማዬ፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን ሌላ ሴት አስመጣለሁ፣ አትቀየሚኝ።»

ራሂማ አልተቀየመችም። ዘይቱና ልክ ናት። ነገር ግን ሌላ ሴት ከመጣች ከዚያ በኋላ የሚጠራው የሌላዋ ስም እንደሚሆን አወቀች። የሴቶች ክፍል ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

ሰኞ ጠዋት አቤ ቤት ነበረች። አቤ ካሜራውን ከፈተ፣ ውስጡን በባትሪ አየ፣ አፉን ጠመም አደረገ።

«እትዬ ራሂማ፣ ሸተሩ ተቀዷል። አንዱ ቅጠል ታጥፎ ሌላው ላይ ተቀርቅሯል።»

«ገና ጊዜ ነበረው እኮ። አንተው ነህ ያነበብከው።»

«እስቲ እንይ» አለና ከኮምፒውተሩ አገናኘው። ካሜራው ፎቶ ባያነሳም ቁጥሩን ይናገራል። አቤ አየ፣ ዐይኑን አሸ፣ እንደገና አየ። «ሦስት መቶ ስድስት ሺህ።»

«ውሸት ነው።»

«እኔ ምን አገኝ ብዬ እዋሻለሁ? ይኸው።» ስክሪኑን አዞረላት። «እንዲያውም ጀግና ነው። መቶ ሃምሳ ሺህ የተባለ ዕቃ እጥፉን ሄዷል። ሰው ቢሆን ጡረታ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተቀጥሮ፣ እንደገና ጡረታ ወጥቶ ነበር።»

ራሂማ አልሳቀችም። «ከረመዳን በፊትና በኋላ ቁጥሩን አይቻለሁ። አምስት መቶ ነው የጨመረው።»

«የቱን ቁጥር? የፎቶውን?» አቤ እስኪርቢቶውን አነሳ። «እሱ እኮ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። ታውቂው የለ?»

ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ ሲዞር አይታዋለች፤ ጣሀ በሕይወት እያለ በዞረ ቁጥር ሻይ ይጋብዛት ነበር። ነገር ግን እሷ አንድ ዙር ለመሙላት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅባታል። በሃያ ሦስት ቀን ውስጥ ይዞራል ብላ እንዴት ታስብ?

አቤ አካፈለ፣ ቀነሰ። «አሥራ ስድስት ጊዜ ዞሮ ነው እዚያው አካባቢ የተመለሰልሽ።»

አሥራ ስድስት ጊዜ። መጋዘኑ ትዝ አላት፤ ያ ፊልም ለካ ፎቶ በፎቶ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ብድግ ብድግ የሚለው ብረት፣ የሚሮጠው ደመና። «ማሻአላህ» ያለችበት አፏ መረራት። ሸተሩ ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ወር እንደሚፈጅ አቤ ሲነግራት ግማሹን አልሰማችውም። «ለመለዋወጫ ከሸጥሽው ሌንሱን እኔ እገዛዋለሁ» ሲላት ግን ሰማችው። ካሜራውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትሰናበተው ወጣች።

በዚያን ዕለትና በማግሥቱ ደሴ ያሉትን ፎቶ ቤቶች ዞረች። ወሩ የሠርግ ነው፤ ካሜራ ያለው ሁሉ ሐሙስ ሥራ አለው። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ቁልቁለቱን በሙሉ ከሊድን በልቧ ስትሰድብ ነበር፤ የስድቡ ግማሽ ለራሷ ነበር።

ከሊድ ቤት ሁለት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ልጆች የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ለመታወቂያ ፎቶ ተራ ይጠብቃሉ። ከሊድ ሲያያት ብድግ አለ።

«እታለም! እንኳን ደህና መጣሽ! ተቀመጪ፣ ሻይ ልዘዝልሽ።»

«ሻይህን አልፈልግም። ያንን ፊልም ክፈትልኝ።»

«የመጋዘኑን?» ደስ አለው። ኮምፒውተሩን አዞረና ከፈተላት። ራሂማ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች።

«በየስንት ጊዜው ነው ያነሳኸው?»

«በየአምስት ሰከንዱ። ጠዋት እተክለዋለሁ፣ ለማፍጠር ስሄድ አነሳዋለሁ። ሃያ ሁለት ቀን።»

«ሰው ይጫነዋል?»

«ኧረ በራሱ ነው! ትዕዛዝ ሰጥተሽው ትተኛለሽ።»

«እዚህ ፊልም ውስጥ ስንቱ ፎቶ ገባ?»

ከሊድ አሰበ። «አራት ሺህ ምናምን።»

«ሌላውስ?»

«አጠፋሁት። ምን ያደርግልኛል?»

ራሂማ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች። «መቶ ስልሳ ሺህ ጊዜ ተጭነህ፣ መቶ ሃምሳ ስድስቱን ሺህ አጠፋኸው። ፎቶው ሲጠፋ መጫኑም የሚጠፋ መስሎህ ነው?»

«እታለም፣ ምን ሆነሻል? ፊልም የለውም እኮ፣ ዲጂታል ነው። ምኑ ያልቃል? ካርዱ የራሴ ነበር። ባትሪው የራሴ። ፀሐይ እንዳይነካው ጥላ ገዝቼ ነው የደፋሁበት። ወላሂ፣ አንድ የአቧራ ቅንጣት አላሳረፍኩበትም!»

እውነቱን ነበር፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ቢሰርቃት ሌባ ትለው ነበር። ልጁ ግን ጥላ ገዝቶ፣ ወልውሎ፣ ቀበቶ አጥቦ ነው የገደለው።

«ካሜራ ያልቃል እንዴ ደግሞ?» አለች ከፋብሪካ ልጆቹ አንዷ ለጓደኛዋ፣ እየሳቀች።

ራሂማ ዞረችባት። «አንቺ የምትሠሪበት ማሽን አያልቅም?»

ልጅቷ ደነገጠች። «መርፌው ያልቃል... ጥርሱም ያልቃል። ሌት ተቀን ከሠራ ቶሎ ያልቃል።»

«ሰማህ ከሊድ? ከእሷ ተማር።»

ከሊድ ፊቱ ቀላ። በደንበኛ ፊት መሰደብ አልለመደም። «እታለም፣ እንነጋገር ከተባለ ስምንት ዓመት የሠራ ካሜራ ነው። ሰዓቱ ደርሶ ሞተ፤ እኔ ላይ ምን አመጣው?»

«ስምንት ዓመት አትበለኝ!» ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «ዓመት አትቁጠርብኝ! ወንድምህ ሲሞት ቤት አልተወልኝም፣ መሬት አልተወልኝም። እዚያች ዕቃ ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ሺህ ነው የተወልኝ። አንድ በአንድ ስበላት ነበር። ሰው ድገሚኝ ሲለኝ እንቢ እያልኩ፣ ቆንቋና እየተባልኩ ነው ያቆየኋት። አንተ ያንን ቆርቆሮ ላይ ደፋኸው!»

የፋብሪካ ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። ከሊድ ቁጭ አለ። ፊልሙን ዘጋና «አላወቅኩም» አለ። «አፉ በይኝ።»

«አሁን አልልም። ከልቤ ሲወጣ እነግርሃለሁ። በሥራው ገንዘብ ምን ገዛህ?»

የከሊድ ዐይን ወደ ግድግዳው ሄደ። መልሱ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ጥቁር፣ አዲስ፣ ጎማው ያልተነካ ካሜራ፤ ከጎኑ የድሮው የቪዲዮ ካሜራው።

«አምጣው» አለች። «ነገ የሀናን መልስ ነው።»

«አርብ ሥራ አለኝ...»

«የእኔ ሐሙስ ነው።»

አወረደውና በሁለት እጁ ሰጣት። ከዚያ በለመደው ቅልጥፍናው ያስረዳት ጀመር። «ይሄ እዚህ ነው። ይሄ መብራቱ ነው። ፎቶው በራሱ ወደ ስልኬ ይገባል፣ ስለዚህ ካርዱ ቢጠፋ እንኳን አትስጊ...»

ራሂማ ቀና አለች። «ወደ ስልክህ?»

«አዎ፣ ቅርብ ሲሆን። ራቅ ካለ ደግሞ ስልኩ እስኪቀርብ ጠብቆ...» ከሊድ ቃሉን ሳይጨርስ ራሱ ገባው። አፉን ያዘ።

ራሂማ እጇን ዘረጋች። «ስልኩንም አምጣ።»

«ስልኬን? እታለም፣ ማጥፋት ይቻላል፣ አሁን አጠፋልሻለሁ...»

«መቶ ሃምሳ ስድስት ሺህ ስታጠፋም አጠፋሁት ብለሃል። አምጣ።»

«ደንበኛ ይደውልልኛል!»

«ነገ ማታ መልሰህ ትደውልለታለህ።»

ስልኩን ዘግቶ ሰጣት። በዚያች ሌሊት ደሴ አልተመለሰችም፤ ዘይቱና ቤት አደረች። የከሊድ ስልክ በመሀረብ ተጠቅልሎ ከትራሷ ሥር ነበር።

ሐሙስ ሀናን እንደገና ለበሰች። ሒናው እንዳለ ነበር፤ ይልቅ ጠቁሮ አምሯል። ራሂማ አዲሱን ካሜራ ወደ ዐይኗ አስጠጋች። ቀላል ነው። ስትጫነው ድምፁ ለስላሳ፣ እንደ ጨርቅ ነው። የፈለገችውን ያህል ብትጫን ዓመታት ይኖረዋል። ጣቷ ግን አልለመደም፤ ትጠብቃለች፣ ትንፋሽ እስኪወርድ፣ ትከሻ እስኪረግብ፣ ከዚያ አንዴ። ንዴቷ አልበረደም፤ ከግንባሯ ሥር እንደ ራስ ምታት ተቀምጧል። ቢሆንም ሀናን እጆቿን ዘርግታ ወደ እናቷ ስትዞር፣ ዘይቱናም አፏን በነጠላዋ ይዛ ስታያት፣ ራሂማ ሁለቱን አንድ ላይ አገኘቻቸው።

ዘይቱና መጨረሻ ላይ ካርዱን ስትቀበል ካሜራውን በጥርጣሬ አየችው። «ይሄኛው የማን ነው? የሰው ዕቃ እንዳይሆን። ፎቶውን ሌላ ቦታ የሚያስቀምጥበት ነገር የለም?»

በልቧ ያልነበረ ነገር ከራሂማ አፍ ወጣ። «የኔ ነው» አለች። ካለችም በኋላ አልጸጸታትም። ሌላ መልስ ቢሆን ዘይቱና አታምናትም ነበር፤ ከእሷ በኋላ የሚመጡት እናቶችም አያምኗትም።

ከዘይቱና ቤት ወጥታ በቀጥታ ወደ ከሊድ ሄደች። ጀንበር ገና አልጠለቀችም። ከሊድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ስልኩን ከመሀረቡ ፈትታ ሰጠችው። ተቀብሎም ሌላኛው እጁን እንደዘረጋ ነው።

«ካሜራውስ?»

«እሱ እኔ ጋ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

ከሊድ ሳቅ ሊል ሞከረና የፊቷን ሁኔታ ሲያይ ተወው። «እታለም፣ ነገ እኮ ሥራ አለኝ አልኩሽ። የሰው ቃል ተቀብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት። የምርቃት ሥነ ሥርዓት ነው።»

«እመጣለሁ። እኔ አነሳልሃለሁ።» የካሜራውን ቀበቶ በአንገቷ አጥልቃ በነጠላዋ ሸፈነችው። «ለደንበኛህ ግን ከአሁኑ ንገረው፤ ድገሚኝ የለም።»

የደሴ ሚኒባስ ረዳት እየተጣራ ነበር። ወደዚያው ሄደች።